ጃፓን ወይስ አውሮፓ? የሁለገብ ሞተር ብስክሌት ምርጫ ታሪክ

በአስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ምርጫው ብዙ አያስቸግረውም። የዋጋውን፣ የመልኩንና የፍጥነቱን ነገር አመዛዝኖ ይወስናል። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ፣ ጭቃውና አሸዋው ከሚጀምርበት ቦታ አልፎ መሄድ ያለበት ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ከከተማ በ200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሰበርብኝ ማን ይጠግንልኛል? የሚለው ነው። መብራቱንና ታርጋውን አሟልቶ በከተማ የሚነዳው፣ ከዚያም በዚያው ጎማ ወደ ገጠር የሚወጣው ሁለገብ ሞተር ብስክሌት ራሱን የቻለ የምርት ዘርፍ ከሆነ ወዲህ፣ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። አንደኛው ከጃፓን፣ ሁለተኛው ከአውሮፓ የመጣ ነው። የሁለቱ ፉክክር ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በእሽቅድድም ድል ነው፤ ይሁን እንጂ ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር ገዢውን ያስወሰነው ከዋንጫው ይልቅ በነጂውና በጋራዡ መካከል ያለው ርቀት ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይሠሩ የነበሩት ሞተር ብስክሌቶች ሁሉ በግድ ሁለገብ ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ አስፋልት ራሱ ጥቂት ነበርና። መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ ሞተር ብስክሌቱም ወደ መንገዱ አዘነበለ፤ ክብደቱ ጨመረ፣ ከመሬት ያለው ከፍታም ቀነሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም ገበያ ከፍተኛ ስፍራ ይዘው የነበሩት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች፣ በተለይም ትሪዮምፍ፣ ቢኤስኤ፣ ኖርተንና ማችለስ ነበሩ። በካሊፎርኒያ ከሎስ አንጀለስ ባሻገር በሚገኘው በሞሃቬ በረሃ ቅዳሜና እሑድ መጋለብ የሚወዱ ሰዎች ከእነዚህ ፋብሪካዎች የወጣውን የመንገድ ሞተር ብስክሌት ይገዙና በየቤታቸው ይፈቱታል። የማያስፈልገውን ብረት ሁሉ አውልቀው ይጥላሉ፤ ማርሚታውን ወደ ላይ ያነሡታል፤ ከሞተሩ ሥር ድንጋይ የሚመክት ብረት ይበይዱበታል፤ ሰፊ ጎማ ያገቡበታል። ሥራው ሲያልቅ ለበረሃ የሚበቃ፣ ግን እጅግ ከባድ የሆነ ሞተር ብስክሌት ይገኛል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሁለገብ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የሠራው ሳይሆን ገዢው በገዛ እጁ ያበጀው ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ባለቤት መሆን ግማሽ መካኒክ መሆን ነበር። የሞተሩ ቤት ከላይ ወደ ታች ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ መጋጠሚያው ዘይቱ ከሚተኛበት ከፍታ በታች ይወርዳል፤ ስለሆነም ዘይት ማንጠባጠቡ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጠባይ ይቆጠር ነበር። ይህን የሚያነሡ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ለማፌዝ ነው። ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ያ ሞተር በመንገድ ዳር በጥቂት መፍቻ ሊፈታና ሊገጠም ይችል ነበር። ባለቤቱ ያውቀዋል፤ ባያውቀውም በግድ ይማረዋል።

ጃፓኖች ከዚህ የተለየ አሳብ ይዘው መጡ። ሆንዳ የሞተሩን ቤት በአግድም ከፈለው፤ በዚህም መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ ዋለ፤ ማንጠባጠቡም ቆመ። የኤሌክትሪክ ሥራውንም በጥንቃቄ ሠራው። ነገር ግን የአሜሪካ ገዢ ትንሽ ሞተር ያለው የጃፓን ብስክሌት በረሃ ይቋቋማል ብሎ አላመነም። ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ በ1962 ዴቭ ኢኪንስና ቢል ሮበርትሰን ልጅ የተባሉ ሁለት ነጂዎች 250 ሲሲ በሆነው በሆንዳ ሲኤል 72 ተነሥተው ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ ካለችው ከቲኋና እስከ ባሃ ካሊፎርኒያ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ላፓዝ ድረስ ጋለቡ። ርቀቱ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው መንገድ የሌለው ምድር ነበር። የተነሡበትና የደረሱበት ሰዓት በቴሌግራፍ ቢሮ እንዲመዘገብ ተደረገ፤ ኢኪንስም በ39 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላፓዝ ገባ። ሥራው ያለ ጥርጥር ለማስታወቂያ የተደረገ ነው። ቢሆንም ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ምድር የተጀመረው የባሃ እሽቅድድም መነሻው ይህ ጉዞ ነው።

ሲኤል 72 ግን በመሠረቱ የመንገድ ሞተር ብስክሌት ነበር። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1968 ነው። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የገጠር እሽቅድድም የስዊድኑ ሁስክቫርና፣ የቼኮስሎቫኪያው ሲዜድ፣ የስፔኑ ቡልታኮና መሰሎቻቸው ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት እየሠሩ የከባዶቹን የእንግሊዝ ሞተሮች ዘመን ዘግተውት ነበር። በሙያው የተካኑ ነበሩ፤ ሆኖም የሚሠሩት ለተወዳዳሪ ነው። የእሽቅድድም ዓይነቶቻቸው መብራትም ሆነ የታርጋ ቦታ የላቸውም፤ በመኪና ተጭነው ወደ ውድድሩ ስፍራ ሄደው፣ ተጭነው ይመለሳሉ። ያማሃ የአሜሪካን ገበያ አጥንቶ ያወጣው ዲቲ 1 የተባለው ሞተር ብስክሌት ግን የአውሮፓውን ቅርጽና ቅለት ወስዶ፣ መብራትና ታርጋ ጨምሮበት፣ ተራ ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ አቀረበው። ሞተሩ 246 ሲሲ፣ ጉልበቱ 18 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሆን ክብደቱም ከ110 ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም ነበር።

የሁለቱን ወገኖች አሳብ ለይቶ የሚያሳየው ግን ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ የዘይቱ ነገር ነው። የአውሮፓው ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ነጂው ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ዘይቱን ለክቶ፣ ደባልቆና ነቅንቆ መጨመር አለበት። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከሳል፤ ከበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል። ለተወዳዳሪ ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም መጠኑን እንደ ፍላጎቱ መለዋወጥ ስለሚችል ይወደዋል። ያማሃ ግን ለዘይቱ የተለየ ዕቃ አበጅቶ፣ ሞተሩ ራሱ በሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፓምፕ እየተለካ እንዲገባ አደረገ። ነጂው ከማደያ ቤንዚን ቀድቶ መሄድ ብቻ ሆነ። አንድ የሚያስጨንቅ ሥራ ከሰው ትከሻ ወርዶ ወደ ፋብሪካው ተዛወረ ማለት ነው። የጃፓን መልስ ምን እንደ ሆነ በዚህ አንድ ፓምፕ ውስጥ ይታያል።

ሱዙኪና ካዋሳኪም ወዲያው ተከተሉ። ሆንዳ በበኩሉ የባለ ሁለት ምት ሞተር ወዳጅ ስላልነበረ በ1972 ኤክስኤል 250 የተባለውን ባለ አራት ምት፣ በአንድ ሲሊንደር ላይ አራት ቫልቭ ያለው ሞተር ብስክሌት ይዞ ብቅ አለ። በእሽቅድድሙም በኩል ቢሆን የአውሮፓ ብልጫ አልቆየም። ቤልጅጋዊው ጆኤል ሮበርት በ1968 እና በ1969 በሲዜድ ያገኘውን የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናነት ከ1970 እስከ 1972 በሱዙኪ ደገመው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለአውሮፓ ፋብሪካዎች የመከራ ዓመታት ሆኑ። ቢኤስኤ በ1973 ወደቀ። ቡልታኮና ኦሳ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በራቸውን ዘጉ፤ ሞንቴሳ በሆንዳ እጅ ገባ፤ ሁስክቫርና በ1987 ለኢጣሊያው ካጂቫ ተሸጠ።

በዚህ መከራ መካከል አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሰደው ውሳኔ ለዚህ ታሪክ ጠቃሚ ነው። ቴድ ሳይመን በኦክቶበር 1973 ከለንደን ተነሥቶ ዓለምን በሞተር ብስክሌት ሊዞር ሲወጣ የመረጠው 500 ሲሲ የሆነ ትሪዮምፍ ነበር። ትሪዮምፉ የተሠራበት የሜሪደን ፋብሪካ ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊት እንዲዘጋ ተወስኖ፣ ሠራተኞቹ በሩን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሳይመን በግብፅና በሱዳን አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከዚያም ወደ ኬንያ አለፈ፤ አራት ዓመት ተጉዞ 100,000 ኪሎ ሜትር ያህል አዳረሰ። የሞተሩን ሆድ በጉዞው ላይ መክፈት ግድ ሆኖበታል። በዚያ ዓመት ጃፓን ሠራሽ ሞተር ቢይዝ ኖሮ የተሻለ አይሆንለትም ነበርን? ምናልባት። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ አገዛዝ በነበረባቸው አገሮች ሁሉ ትሪዮምፍ የፈታ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይገኝ ስለ ነበር ምርጫው ያን ጊዜ እንደሚመስለው ሞኝነት አልነበረም።

በ1976 ያማሃ ኤክስቲ 500 የተባለውን አወጣ። ይህ ሞተር ብስክሌት ቀላል ብቻ ሳይሆን እጅግ ግልጽ አሠራር ነበረው፤ አንድ ትልቅ ሲሊንደር፣ ሁለት ቫልቭ፣ አንድ ካርቡራቶር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ከጥፋቱ በእግር ማስነሣቱ ነበር። 499 ሲሲ የሆነውን አንድ ፒስተን ረግጦ ለማዞር ብልሃት ያስፈልጋል፤ ያላወቀበትን ሰው ቁርጭምጭሚት ሊሰብር ይችላል። ፋብሪካውም ይህን ስላወቀ የጭምቁን ኃይል የሚያስተነፍስ እጀታና ፒስተኑ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ትንሽ መስኮት በቴስታታው ላይ አደረገለት። ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ የጭስ ደንብ ስለ ወጣ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከመንገድ መገፋት ጀመሩ፤ ባለ አራት ምቱ ትልቅ ነጠላ ሲሊንደር ቦታቸውን ወሰደ።

ኤክስቲ 500ን በዓለም ያሳወቀው ግን አንድ የጠፋ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ቲዬሪ ሳቢን በ1977 ከአቢጃን እስከ ኒስ በተደረገው እሽቅድድም በዚህ ሞተር ብስክሌት ሲወዳደር በሊቢያ በረሃ መንገድ ስቶ ቀረ፤ ሊሞት ሲል በአውሮፕላን ተፈልጎ ተገኘ። ከሞት የተረፈ ሰው ወደዚያ በረሃ መመለስ የማይፈልግ ይመስላል። ሳቢን ግን በበረሃው ፍቅር ተይዞ ሌሎችን ወደዚያ የሚወስድ እሽቅድድም አዘጋጀ። በዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ የተነሡት 182 ተሽከርካሪዎች 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው ወደ ዳካር አመሩ፤ ዳካር የገቡት 74 ነበሩ። አንደኛ የወጣው ሲሪል ነቨ የተባለ ወጣት በኤክስቲ 500 ነው። በ1980 ይኸው ነቨ ደግሞ አሸነፈ፤ ከአንድ እስከ አራት ያለውንም ደረጃ ይኸው የያማሃ ሞተር ብስክሌት ወሰደ።

በዚሁ ዓመት መጸው ላይ አውሮፓ መልስ ሰጠ። መልሱ ከጭንቅ የተወለደ ነበር። ቤኤምቬ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የሞተር ብስክሌት ሽያጩ ስለ ወደቀ ዘርፉ ሊዘጋ ይችላል እስከ ማለት ተደርሶ ነበር። አዲስ ሞተር ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም አልነበረም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ያለውን ወሰዱ፤ ከ1923 ጀምሮ የፋብሪካው መታወቂያ የሆነውን፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉትን ሞተር ማለት ነው። ከፍ አድርገው ሰቀሉት፤ ከፊት 21 ኢንች ጎማ አገቡበት፤ ስሙንም በጀርመንኛ ገጠርና መንገድ ማለት ከሆኑት ቃላት ፊደል ወስደው አር 80 ጂ/ኤስ አሉት። ሞተሩ 797 ሲሲ፣ ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ ነዳጁን ጨምሮ 186 ኪሎ ግራም ነበር። ከኤክስቲ 500 ጋር ያስተያየው ሰው ሁሉ በክብደቱ ሳቀ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የዚህን ሞተር ብስክሌት ጥበብ ለማየት በመንገድ ዳር ቆሞ ለመጠገን እንደሚሞክር ሰው ሆኖ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ ስለ ወጡ የቫልቩን ክፍተት ለማስተካከል የነዳጅ ታንኩን ማንሣት አያስፈልግም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ክዳኑን መክፈት ይበቃል። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በሰንሰለት ሳይሆን በተዘጋ ቤት ውስጥ በሚዞር ዘንግ ነው፤ ስለዚህ አሸዋ የሚበላው ሰንሰለት፣ በየጊዜው የሚቀባና የሚወጠር ነገር የለም። የኋላው ጎማ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ በመሆኑ ልክ እንደ መኪና ጎማ በሦስት ቡሎን ይወልቃል፤ በጠራራ ፀሐይ ጎማ የፈነዳበት ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። ጃፓኑ ነጂውን ከሥራ ለማሳረፍ ሲጥር፣ ጀርመኑ ሥራው እንደማይቀር ተቀብሎ ሥራውን አቀለለት ማለት ነው። ዋጋው ግን ከጃፓኖቹ እጅግ የላቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፉክክሩ በሰሐራ ውስጥ በየዓመቱ ታየ። በ1981 ዩቤር ኦሪዮል በቤኤምቬ አሸነፈ፤ በ1982 ነቨ በሆንዳ መለሰ፤ በ1983 ኦሪዮል ደገመ። በ1984 እና በ1985 ድሉ የጋስቶን ራሂየ ሆነ። ራሂየ ቁመቱ አጭር ስለ ነበር በዚያ ግዙፍ የቤኤምቬ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት አይደርስም ነበር። የሚያስገርመው ቀድሞ በ125 ሲሲ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በጃፓኑ በሱዙኪ መሆኑ ነው። ጃፓኖችም ዝም አላሉም። ያማሃ በ1983 30 ሊትር ያህል ነዳጅ የሚይዝ ቴኔሬ የተባለ ሞተር ብስክሌት ለሕዝብ ሸጠ። ሆንዳ ለእሽቅድድሙ ብቻ የተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ከ1986 እስከ 1989 አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ በ1988ም ለሕዝብ የሚሆነውን አምሳያ አፍሪካ ትዊን ብሎ ለገበያ አዋለ። ሳቢን ራሱ በ1986ቱ እሽቅድድም ወቅት ማሊ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

የ1987ቱ ፍጻሜ በተለይ የሚታወስ ነው። ኦሪዮል ያን ጊዜ በኢጣሊያው በካጂቫ ላይ ሆኖ እየመራ ዳካር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ወደቀና ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። በተሰበረ እግሩ ተነሥቶ የዕለቱን መንገድ ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲያ መቀጠል ግን አልቻለም። ድሉ ለነቨ አምስተኛው ሆነ፤ ሆንዳም ዋንጫውን በማስታወቂያው ላይ አወጣ። ሁለቱን ሞተሮች ማን አበላለጣቸው? ማንም። የተሰበረው ሞተሩ ሳይሆን ሰውየው ነበርና። በዚያው ሰሞን የተነሣው ኢጣሊያዊው ኤዲ ኦሪዮሊ በ1988 በሆንዳ፣ በ1990 እና በ1994 በካጂቫ፣ በ1996 በያማሃ አሸንፏል። አንድ ሰው በሦስት ፋብሪካ ሞተር አራት ጊዜ ማሸነፉ ከዋንጫ ተነሥቶ ሞተር ብስክሌት ለሚመርጥ ሁሉ በቂ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ከዚህም በላይ የእሽቅድድሙ ሞተር ማታ ማታ ካምፕ ሲገባ በባለሙያዎች እጅ ተፈትቶ ሲገጠም ያድራል፤ ገዢው የሚያገኘው አምሳያ ግን የሚያድረው በዝናብ ውስጥ ነው።

በዚያው ዘመን በአፍሪካ ስለ ዳካር ምንም ሰምተው የማያውቁ ሌሎች ሁለገብ ሞተር ብስክሌቶች በሥራ ላይ ነበሩ። የጤና ባለሙያውን፣ የእርሻ አስተማሪውንና የክትባት ዕቃውን የሚያመላልሱት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያላቸው ትንንሽ የጃፓን ሞተሮች ናቸው። ከእነዚህ ያማሃ ለእርሻ ሥራ ያዘጋጀው ኤጂ 100 ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ ሰንሰለቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይሄዳል፤ መሬቱ ወደየትም ቢያዘነብል እንዲቆም በግራም በቀኝም ማቆሚያ ተደርጎለታል። መልክ የለውም፤ ፍጥነትም የለውም። ለዚህ ሥራ የአውሮፓ ፋብሪካ ይህን የሚያህል ተፎካካሪ አላቀረበም፤ ስለሆነም ምርጫው ቀድሞ ያለቀ ይመስል ነበር።

ነገሩ እንዲያ ቀላል አለመሆኑን ያሳየው ሶማሊያ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ እንግሊዛዊው ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የእሽቅድድም ነጂ ራንዲ ማሞላ ለሕፃናት መርጃ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን እንደ ሠራ ለማየት ወደዚያ ሄደው ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተር ብስክሌቶች ገና ብዙ ሳይነዱ ወድቀው፣ ዝገው አገኙ። ያጠፋቸው የፋብሪካ ጉድለት አልነበረም። ዘይታቸው አልተለወጠም፣ ሰንሰለታቸው አልተወጠረም፣ የአየር ማጣሪያቸው አልጸዳም፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ባለመሠራቱ ክትባቱ መንደሩ ሳይደርስ ቀረ። ኮልማንና ባለቤቱ አንድሪያ ከዚህ ተነሥተው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1991ም በሌሶቶ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆነው ነጂው በየዕለቱ ሞተሩን የሚፈትሽበት፣ መለዋወጫው ከመሰበሩ በፊት የሚለወጥበት አሠራር ጀመሩ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሥራን ከነጂው ትከሻ አወርዳለሁ ብሎ የተነሣው የጃፓን አሳብ እዚህ ላይ ወሰኑን ማግኘቱ ነው። ዘይት የሚለካ ፓምፕ ዘይት አይገዛም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የሁለቱ ወገን ቦታ ተለዋወጠ ለማለት ይቻላል። በ1994 የወጣው የቤኤምቬ አር 1100 ጂኤስ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ ተለክቶ የሚረጭበት፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ፍሬን የሚገጠምለት፣ ከባድና ምቹ ሞተር ብስክሌት ሆነ። በመንገድ ዳር በመፍቻ መፈታቱ ቀረና ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ፈላጊ ሆነ። በአንጻሩ ጃፓኖች የሠሩትን ሳይለውጡ አሥርት ዓመታት ቆዩ። የካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ከ1987 እስከ 2018 ሲሠራ በመካከሉ የተደረገለት ዋና ማሻሻያ የ2008ቱ ብቻ ነው። የሆንዳ ኤክስአር 650 ኤል ከ1993፣ የሱዙኪ ዲአር 650 ኤስኢ ከ1996 ጀምሮ እምብዛም አልተለወጡም። ኬኤልአር የታወቀ ደዌ ነበረው፤ በሞተሩ ውስጥ የንዝረት ማመጣጠኛውን ሰንሰለት የሚወጥረው ትንሽ ብረት ይሰበራል። ነገር ግን ደዌውን ባለቤቶቹ ሁሉ ያውቁታል፤ መድኃኒቱን ሌሎች ሠሪዎች በርካሽ ይሸጡታል፤ አገጣጠሙን አንዱ ለሌላው ያስተምራል። የታወቀ ጉድለት ካልታወቀ ብቃት ይሻላል የሚሉ መካኒኮች ይኖራሉ፤ ስሕተት አይደሉም።

የዘመኑ ገዢ ግን ሌላ ነገር ያይ ነበር። በ2004 ተዋናዮቹ ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን ከለንደን በእስያ አድርገው ኒውዮርክ ለመግባት ሲነሡ መጀመሪያ የፈለጉት የኦስትሪያውን ኬቲኤም ነበር። ኬቲኤም አልሰጥም አለ፤ ቤኤምቬ ሰጠ፤ ፊልሙም በዓለም ታይቶ ለቤኤምቬ ትልቅ ስም አተረፈለት። በዚያው ፊልም ውስጥ ሞንጎሊያ ላይ የካሜራ ሠራተኛው ቤኤምቬ አጥንቱ ተሰበረና በጭነት መኪና ወደ ዋናው ከተማ ተላከ፤ ሰውየው ከአገሩ ሰዎች የተገዛ ቀይ የሩሲያ ኢዥ ፕላኔታ 5 ተሰጠው። የኢዥ ፋብሪካ ያለባት ኢዠቭስክ ከኡራል ተራራ ወዲህ በመሆኗ እርሱም ቢሆን አውሮፓዊ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ግን ማንም አልጠራውም። ሁለቱ ተዋናዮች በ2007 ወደ ኬፕታውን ሲወርዱ በኢትዮጵያ ያለፉትም በቤኤምቬ ነው።

ኬቲኤም በበኩሉ የሌላ ትምህርት ምሳሌ ሆኗል። በ1991 ከስሮ እንደ ገና ከተቋቋመ በኋላ ከ2001 እስከ 2019 የዳካርን የሞተር ብስክሌት ድል ለ18 ተከታታይ እሽቅድድሞች አላስነካም፤ በ2020 ሆንዳ ቀማው። በኖቬምበር 2024 ኬቲኤም ዕዳውን መክፈል አቅቶት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። በጃንዋሪ 2025 የዳካር አሸናፊ የሆነው ዳንኤል ሳንደርስ የነዳው ግን ይኸው የኬቲኤም ሞተር ብስክሌት ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያውን ያዳነው፣ ስሙ በኢትዮጵያ ከተሞች ከባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ጋር የተዋሐደው የሕንዱ ባጃጅ ገንዘብ ነው።

በዚህ መንገድ ጃፓንና አውሮፓ የሚሉት ስሞች ራሳቸው መደባለቅ ጀምረዋል። በ1993 የወጣው የቤኤምቬ ኤፍ 650 ሞተሩ ኦስትሪያዊው ሮታክስ፣ የተሠራበት ፋብሪካ የኢጣሊያው አፕሪሊያ ነበር። ከ2017 ጀምሮ የተሸጠው ትንሹ ጂ 310 ጂኤስ የተሠራው በሕንድ በቲቪኤስ ፋብሪካ ነው። በ2019 የወጣው የያማሃ ቴኔሬ 700 ደግሞ ለአውሮፓ ገበያ የሚገጣጠመው በፈረንሳይ አገር በሳን ካንታን ነው። ታንኩ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቦ አገሩን መናገር ለጋራዥ ሰው እንኳ አስቸጋሪ ሆኗል።

ቴድ ሳይመን በ2001 ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የቀድሞ መንገዱን ደግሞ ለመጓዝ ተነሣ። ጃፓኖቹም ነበሩ፤ አዲሱ የቤኤምቬ አር 1150 ጂኤስም በየመደብሩ ቆሞ ነበር። እርሱ የወሰደው አር 80 ጂኤስን ነው፤ ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ዓመታት ያለፉትን፣ ካርቡራቶር ያለውንና በአየር የሚቀዘቅዘውን፣ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የወጡትን ሞተር ብስክሌት። የመጀመሪያው ትሪዮምፍ ከተሠራበት ከሜሪደን ብዙ በማይርቀው በኮቨንትሪ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።